ፊደል ያልቆጠሩ አያት የልጅ ልጃቸውን ማስጠናት ይችላሉ?

ጥያቄውን የላከችው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ እናት ናት። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የ6 ዓመት ልጄ ከእናቴ ጋር ሞጃና ወደራ ገጠር ነው ያለችው። ዘንድሮ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው ዜሮ ክፍል ገብታለች። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወርደዋለች። አንዱን ነጥዬ ሳሳያት ግን ዝም ትላለች። መምህርቷ "ቤት የሚያግዛት ሰው የለም" ብላ ላከችብኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስብሰባ ሲጠሩም "እኔ ሄጄ ምን ልል ነው" እያለች ትቀራለች። አስጠኚ ልቅጠርላት? ወይስ ከተማ አምጥቼ የግል ኬጂ ላስገባት?»

እህቴ፣ አስጠኚውን ተዪው። ብርሽን ቆጥቢ። ከተማ የማምጣቱን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። መምህርቷ «የሚያግዛት የለም» ያለችው ግን ልክ አይደለም። የሚያግዛት ሰው አለ፣ አያቷ አሉ። የጎደለው እሳቸውንና መምህርቷን የሚያገናኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፊደሉ። ልጅሽን የገጠማት ነገር የብዙ ልጆች ነው። ሀሁ ዜማ አለው፤ ዜማ ደግሞ ልጅ ቶሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ስትሄጂ አጠገቧ ቁጭ በዪና ጣቷን ተመልከቺ። አፏ «ሆ» ላይ ሲደርስ ጣቷ ገና «ሂ» ላይ ነው። አለዚያም መስመሩን ጨርሶ ወደ «ለ» ወርዷል። ዓይኗ ደግሞ ገበታው ላይ ሳይሆን አንቺ ላይ ነው። ልጅቷ እየዘመረች ነው፣ ገና አላነበበችም። ስንፍና ግን እንዳይመስልሽ። 33ቱ ፊደል ሰባት ሰባት ቤት ሲኖረው 231 ምልክት ይሆናል። ብዙዎቹም በአንዲት ጭረት ነው የሚለያዩት። «ሉ»ን ከ«ሊ» ለመለየት ጭረቷ ከየት እንደወጣች ማየት ያስፈልጋል። ይህን ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው።

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ችግር ከጥንት ያውቁታል። ሀሁ ያለቀለት ልጅ ቀጥሎ አቡጊዳ ይቆጥራል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ይወርዳል። ፊደሉም ቤቱም ስለሚቀያየር በለመደው ዜማ ማምለጥ የለም። ልጁ የግድ ማየት አለበት። መደበኛው ትምህርት ቤት ይህን ደረጃ ዘሎታል። እኔን ከጠየቅሽኝ ከስረንበታል።

ስለዚህ ገበታውን ሙሉውን አታስቆጥሯት። ለሳምንት 4 ፊደል ይበቃል። የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን ቁረጪና የመዳፍ ያህል ካርዶች ሥሪ። በአንዱ ፊት ፊደሉን በትልቁ ጻፊ። በጀርባው ሥዕል ሣዪ። «ላ» ከሆነ ላም፣ «በ» ከሆነ በግ፣ «ዶ» ከሆነ ዶሮ፣ «ጤ» ከሆነ ጤፍ። ሥዕል አልችልም አትበዪ። ቀንድ ያለው ሁሉ ላም ነው፤ ልጆች አይፈርዱም። የሥዕሉ ጥቅም ለእናትሽ ነው። ልጅቷ «ዶ!» ስትል ካርዱን ገልብጠው ዶሮዋን ያያሉ። ዶሮ በ«ዶ» እንደሚጀምር ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። አማርኛ መናገር ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ከማናችንም በላይ ይችሉበታል።

ሌላም ጨዋታ አለ። 4ቱን ካርዶች መደብ ላይ ደርድረው ልጅቷን «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይበሏት። አንዱን ነጠላቸው ሥር ይደብቁት። «የቱ ጠፋ?» ይበሉ። የጠፋውን ለመናገር የቀሩትን 3ቱን አንድ በአንድ ማየት አለባት። የፈለግነውም ይህንኑ ነው። ቡና እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻታል። ጎረቤት 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለ ደግሞ በሳምንት አንዴ መጥቶ ይፈትናት። ትልቅ ተማሪ ትንሹን የሚያግዝበት አሠራር በሀገራችን ትምህርት ቤቶች ከዜሮ ክፍል ጋር አብሮ የተስፋፋ ነው፣ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። የሚከፈለውም እፍኝ ቆሎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። «አበባ» የሚለው ቃል ተቆራርጦ አ፣ በ፣ ባ መሆኑን የማይሰማ ልጅ ፊደሉን ቢያውቅም ቃሉን መገጣጠም ያቅተዋል። ይህ ደግሞ ደብተር አይፈልግም። በጭብጨባ ይለመዳል። ዶ-ሮ፣ 2 ጭብጨባ። አ-በ-ባ፣ 3 ጭብጨባ። ጭብጨባው ከፊደሉ ቁጥር ጋር እኩል የሚሆንባቸውን ቃላት አስቀድሙ። «ገብስ» ዓይነቱን ለጊዜው አቆዩት። «ብ» እና «ስ» ሳድስ ናቸው፣ ስድስተኛው ቤት ማለት ነው። ሳድስ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ድምፁ ይዋጣል። ልጆች ሲጽፉ በብዛት የሚዘሉት እሱን ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ ሳይቀር ይቸገርበታል። መምህርቷ ይህን ነጥላ ካስተማረቻት በጣም ጎበዝ መምህርት ናት።

እንቆቅልሽስ? «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር?» ልጅቷ ወንዝ እስክትል ድረስ ስንት ነገር ታስባለች። ካልመለሰች ደግሞ «ሀገር ስጪኝ» አለ። ሀገር ስትሰጥ የምታውቃቸውን ስሞች ትጠራለች። ሰላድንጋይ፣ ደብረ ሲና፣ መንዝ፣ አንኮበር። ይህ የቃላት ትምህርት ነው፣ ጂኦግራፊም ጭምር። ተረትም እንደዚሁ። አያቷ ተረቱን ነግረው ሲጨርሱ በማግስቱ «እስኪ አንቺ ንገሪኝ» ይበሏት። መሀል ላይ ስትቆም «ከዚያስ?» ማለት ብቻ ነው። እርማት አያስፈልግም። ነገር በቅደም ተከተል መናገር የለመደ ልጅ በኋላ ያነበበውን ቶሎ ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። እኛ ሸዋ ውስጥ ጨዋ ልጅ ማለት በትልቅ ሰው ፊት ዝም የሚል ልጅ ነው። «ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ብለን አድገናል። ቤት ዝም በዪ ተብላ የዋለችን ልጅ ክፍል ውስጥ መምህርቷ «ተናገሪ እንጂ!» ትላታለች። በየት በኩል? አክብሮቱ ይቅር አላልኩም፤ እግር ማጠቡም ውሃ ማቅረቡም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ቡና ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ «እስኪ ዛሬ ትምህርት ቤት ምን እንደዘመራችሁ ለእትዬ ንገሪያት» ቢባል ጨዋነቷ አይቀንስም።

ሒሳቡን ደግሞ እናትሽ ጠዋት ማታ ይሠሩታል፤ ስሙን ግን ሒሳብ አይሉትም። በጎቹ ከመስክ ሲገቡ ይቆጥራሉ። ልጅቷ ትቁጠር። «ጠዋት 9 ወጡ፣ 8 ገቡ፣ ስንት ቀረ?» ብለው ይጠይቋት። እንቁላል ሲሸጡ፣ ገብስ በጣሳ ሲሰፈር፣ «ስንት ጣሳ ቁናውን ይሞላል?» ብላ ትገምት፣ ከዚያ ሰፍራ ትይ። ገምቶ መሞከር በዚህ ዕድሜ ከመደመር ምልክቱ ይበልጣል። ገበጣ ካለ ደግሞ ምን ተፈልጎ! አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ ቤት ለቤት መዞር ከቁጥር ደብተር የተሻለ ትምህርት ነው።

የቤት ሥራ። «ሀን አንድ ገጽ ጻፊ» የሚባለውን አልወደውም። የ6 ዓመት ልጅ ጣት ገና አልጠናም። ሦስተኛው መስመር ላይ ፊደሉ ይጣመማል፣ ስድስተኛው ላይ ልጅቷ ታለቅሳለች። ከታዘዘች ግን ትሥራው። አንቺ ወይም ጎረቤት አትሥሩላት። ሁለት መስመር በደንብ ጽፋ ካቆመች ይበቃታል፣ ለመምህርቷም እንደዚያ ንገሪያት። እናትሽ ደብተሩን ማንበብ ባይችሉም «የቱን ነው አሳምረሽ የጻፍሽው? አሳዪኝ» ማለት ይችላሉ። በነገራችን ላይ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይሠራም። የሁሉም ልጅ መልስ «ምንም» ነው። «ከማን ጋር ተቀመጥሽ?»፣ «ማን አለቀሰ?» በሏት። ወሬው ከዚያ ይመዘዛል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። እናትሽ «ሄጄ ምን ልል ነው» ያሉት በቂ ምክንያት አላቸው። ወላጅ የሚጠራው መቼ ነው? መዋጮ ሲኖር፣ ወይም ልጅ ሲያጠፋ። ስብሰባው ደግሞ እህል ሲታጨድ ወይም በገበያ ቀን ይሆናል። ወተመህ አለ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱን ማለቴ ነው። በቀበሌ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፤ ቀትስቦ የምንለው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አጥር ያሳጥራሉ፣ መማሪያ ክፍል ያሠራሉ፣ በድጎማ በጀቱ ላይ ይመክራሉ። «ልጄ ለምን ነጥላ አታነብም?» የሚለው ጥያቄ ግን እዚያ መልስ አያገኝም። አጀንዳውም አይደለም።

የትምህርት ቤትና የቤተሰብን ግንኙነት በማጥናት የታወቁት አሜሪካዊት ተመራማሪ ጆይስ ኤፕስቲን የቤተሰብን ተሳትፎ በ6 ይከፍሉታል። ልጅን በአግባቡ ማሳደግ፣ ከትምህርት ቤት ጋር መልእክት መለዋወጥ፣ በፈቃደኝነት ማገዝ፣ ቤት ውስጥ ማስተማር፣ ውሳኔ ላይ መሳተፍ፣ ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር መተባበር። ከ6ቱ ስብሰባና ኮሚቴ ያለበት አንዱ ነው። እኛ ጋ ግን ወላጅ ተሳተፈ የሚባለው ሲሰበሰብና ሲያዋጣ ነው። ሌሎቹን የሚቆጥርልን የለም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ እናትሽ እያሉ «የሚያግዛት የለም» ባልተባለ ነበር።

ስለዚህ ስብሰባውን ለጊዜው እርሽው። የሚያስፈልገው 5 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ዕረፍትሽ ሦስታችሁም አብራችሁ ሂዱ። አንቺ፣ እናትሽ፣ ልጅቷ። ጠዋት ደወል ሊደወል ሲል አይሁን፣ መምህርቷ ትጣደፋለች። ልጆች ሲወጡ ይሻላል። አንቺ እናትሽን አስተዋውቂና ዝም በዪ። እሳቸው ይናገሩ። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «መምህርት፣ ልጅቷን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ፊደል አላውቅም። ተረትና እንቆቅልሽ ግን አውቃለሁ። የሳምንቱን 4 ፊደል ካርቶን ላይ ጻፉልኝ፣ እኔ አጫውታታለሁ።» ይህን ከአያት የሰማች መምህርት «የሚያግዛት የለም» የምትል አይመስለኝም። ከመለያየታችሁ በፊት በመዝገቡ ላይ አሳዳጊዋ ማን ተብሎ እንደተጻፈ ጠይቁ። ያንቺ ስም ብቻ ከሆነ የእናትሽም ይጨመር። ልጅቷ ቢያማት መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።

መምህርቷንም ቢሆን አልወቅሳትም። ዜሮ ክፍል የመጣው በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ነው። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት በአንድ ትርፍ ክፍል ተጀመረ። መምህር ተመደበ፣ መጫወቻና ለትንሽ ልጅ የሚሆን ወንበር ግን ቀረ። በየትምህርት ቤቱ ስንዞር 4 ዓመትም 7 ዓመትም የሆናቸው አንድ ላይ ታጭቀው እናያለን። ለትንሽ ልጅ ሳይሠለጥን የተመደበም መምህር አለ። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተቋረጠበት ቀበሌ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የቆመች መምህርት አንድ አያት ቢመጡላት ትጠቀማለች። እንዲያውም ዓርብ ከሰዓት እናትሽን ክፍል ውስጥ ተረት እንዲነግሩ ብትጋብዛቸው ምን አለበት? ጋቢያቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ልጆቹ እንዴት ፀጥ እንደሚሉ ታይዋለሽ። ልጅሽም ያን ቀን «እማማዬ ናት!» እያለች ትኮራለች። ይህን የምታነቡ ርዕሳነ መምህራን ካላችሁ፣ በጀት አይጠይቅም።

አንቺ ከደብረ ብርሃን ሆነሽ በስልክ ተከታተዪ። መምህርቷን የሚመቻት ሰዓት መቼ እንደሆነ ጠይቂያት እንጂ ፈረቃሽ ባለቀ ሰዓት አትደውዪ። ስትደውዪ «ልጄ እንዴት ናት?» አትበዪ። «ጎበዝ ናት» ትልሽና ያበቃል። እንዲህ ጠይቂ፦ ነጥለሽ ስታሳያት የትኞቹን ፊደሎች ታውቃለች? በዚህ ወር ስንት ቀን ቀረች? ከማን ጋር ትጫወታለች? በወር አንዴ ይበቃል። ጥሩ ነገር ስትሰሚም ደውለሽ አመስግኛት። መምህርን ለቅሬታ ብቻ የምንፈልገው ከሆነ እሷም እኛን ለመዋጮ ብቻ ትፈልገናለች።

መቅረቱን አቅልለሽ አትዪው። በገበያ ቀን በግ የሚጠብቅ ይጠፋል፤ ልጅቷ ትቀራለች። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ይከብዳል፤ «ፀሐይ ትውጣ» እየተባለ ይረፈዳል። የወር በዓልም አለ። በሳምንት አንድ ቀን ብትቀር የዓመቱ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። የገበያውን ቀን ከጎረቤት ጋር በተራ መጠበቅ ይቻላል። ለብርዱ ወፍራም ሹራብና ካልሲ ላኪላት፣ በሶ በልታ ትውጣ። ባዶ ሆድ የሄደ ልጅ ፊደል አይታየውም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ። ከኋላዋ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጠሯት ትሰማለች? ጆሮዋ ይመግላል? ዓይኗን ታሻለች ወይም ታጨናብሳለች? ትራኮማ በአካባቢያችን ገና አልጠፋም። ከጠረጠራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አሳዩአት። ያልሰማውን ወይም ያላየውን ልጅ ሰነፍ ስንል ስንቱን በድለናል።

ከተማው ላይ እንግዲህ። ልጅሽን ካንቺ ጋር ማኖር ከፈለግሽ እሱ የእናትነት ጉዳይ ነው፣ ማንም አያግድሽም። ለትምህርቱ ብለሽ ብቻ ከሆነ ግን አልመክርሽም። የሌሊት ፈረቃ ስትገቢ ማን ጋ ታድራለች? ለተከራየሽው ቤት አከራይ? ለጎረቤት ሠራተኛ? ከሚያወራት ሰው ነጥለሽ ቴሌቪዥን ፊት ልታስቀምጫት ትችያለሽ። የግል ኬጂ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ከመክፈልሽ በፊት ግን ገብተሽ እዪ። ልጆቹ ይጫወታሉ ወይስ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ? መምህርቷ ቁጢጥ ብላ ታወራቸዋለች? ኤቢሲዲ መዘመራቸው አያታልልሽ። እሱም እንደ ሀሁ ዜማ አለው፤ ችግሩ ያው ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል። 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ልጅሽ ገና 6 ናት፤ አልረፈደባትም።

እንግዲህ ካርዶቹን አሁን ጀምሩ። የአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ የተማረቻቸውን ደበላልቀሽ አንድ በአንድ ጠይቂያት። ከ10 ካርድ 6 ወይም 7 ካወቀች በዚያው ቀጥሉ። ጆሮዋና ዓይኗ ታይቶ፣ ሳትቀር ተምራ፣ ያኔም 2 እና 3 ላይ ከቆመች ከመምህርቷ ጋር ተነጋግረሽ እንደገና ጻፊልኝ። ስትጽፊ የምታምታታቸውን ፊደሎች ዘርዝሪልኝ፤ ሉንና ሊን፣ በንና ሰን፣ የቱን ከየቱ እንደምታምታታ። ብዙ ነገር የሚታየው ከዚያ ነው።